ያገለገለች አነስተኛ የመስክ መኪና በዓመታዊ ምርመራ የምትወድቅባቸው ነጥቦችና አስቀድሞ የመፈተሻ መንገድ

ቶዮታ ራቭፎር፣ ሱዙኪ ቪታራና ግራንድ ቪታራ፣ ዳይሃትሱ ቴሪዮስ እንዲሁም ሀዩንዳይ ቱሳን ሁለትና ሦስት ባለቤት ቀይረው ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ያገለግላሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ካስወደደው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ባለቤቶች ያላቸውን መኪና ይዘው መቆየት ግድ ሆኖባቸዋል። መኪናዋ ባረጀች ቁጥርም የዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ቀን ሲቃረብ ሥጋቱ ይጨምራል።

ምርመራው ላይ የሚጥሉት ጉድለቶች ግን ጥቂትና የታወቁ ናቸው። አብዛኞቹንም ባለቤቱ በገዛ ግቢው፣ የእጅ ባትሪ፣ ክሪክና አንድ ረዳት ሰው ይዞ ሊያገኛቸው ይችላል። ፍተሻውን ከምርመራው ቀን ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስቀድመው ይጀምሩ። አንደኛ፣ ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ መውረድና ትክክለኛውን መለዋወጫ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ ሁለተኛ፣ አንዳንድ ዕቃ፣ በተለይ የፍሬን ሸራ፣ ከተቀየረ በኋላ ጥቂት ቀን ካልተነዳበት በምርመራው ማሽን ላይ ሙሉ ጉልበቱን አያሳይም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ልማድ በግልጽ መነቀፍ አለበት ብዬ አምናለሁ። ለምርመራው ቀን ብቻ ከወዳጅ ዘመድ ጥሩ ጎማ ተውሶ፣ ቦሎ ከተለጠፈ በኋላ ሊሾ የሆነውን ጎማ መልሶ መግጠም በከተማችን የተለመደ ነው። የአባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወደ ሸለቆው የሚወርድ፣ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚያቆለቁል ሰው ግን የሚተማመነው መስታወቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ሳይሆን በፍሬኑና በጎማው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው መኪናዋ በእርግጥ ደኅና እንድትሆን ለሚሹ ነው።

ፍሬን

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ፍሬን ነው። በምርመራ ጣቢያ መኪናዋ ሮለር (ጎማዎቹን የሚያዞር ተንከባላይ ማሽን) ላይ ትወጣና የእያንዳንዱ ጎማ የፍሬን ኃይል ለየብቻው ይለካል። ብዙ ባለቤቶች «ፍሬኗ ጥሩ ይይዛል» ብለው ሄደው ወድቀው ሲመለሱ የሚገረሙት እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑ የሚመለከተው የጠቅላላውን ኃይል ብቻ ሳይሆን በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ልዩነትም ነውና። ለአብነት ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የምርመራ መመሪያ በአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማ በጋራ ባሉበት ዘንግ) ላይ የአንዱ ጎማ የፍሬን ኃይል ከሌላኛው 70 በመቶ በታች ከሆነ ጉድለት ነው ይላል። የቀኙ የፊት ጎማ 200 ኪሎ ግራም ያህል ቢይዝና የግራው 130 ብቻ ቢይዝ፣ ግራው የቀኙን 65 በመቶ ብቻ ስለሚሆን በዚህ መለኪያ መኪናዋ ትወድቃለች፤ አሽከርካሪው ግን በዝግታ ሲነዳ ልዩነቱ ላይሰማው ይችላል። ድንገት በኃይል ሲረግጥ፣ ይልቁንም መንገዱ እርጥብ ሲሆን፣ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ትጎትተዋለች።

ልዩነቱን ቤት ውስጥ ለማግኘት እንዲህ ያድርጉ። ሃያ ደቂቃ ያህል በተለመደው መንገድ ነድተው ሲመለሱ፣ እጅዎን ሳያስነኩ፣ መዳፍዎን በእያንዳንዱ ቸርኬ አጠገብ ይያዙ። አንዱ ከጓደኛው ይልቅ ጎልቶ የሚግል ከሆነ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ተጣብቆ ፍሬኑን አለቅ ብሏል፤ ጎልቶ ቀዝቃዛ የሆነው ደግሞ ሥራውን እየሠራ አይደለም። የፊት ዲስክ ባላቸው መኪኖች ላይ የዘወትሩ ምክንያት ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በአቧራና በዝገት መድረቃቸው ነው፤ ፈትቶ ማጽዳት፣ ለፍሬን የተዘጋጀ ግሪስ መቀባትና የተቀደደ ጎሚኒ ካለ መቀየር ርካሽ ሥራ ነው። ያረጀ የፍሬን ቱቦም ከውጭ ደኅና እየመሰለ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን ሊያግድ ይችላል። ሸራ ሲቀየር ሁልጊዜ በአንድ አክስል ላይ ያሉት የግራውም የቀኙም አብረው ይቀየሩ፤ መካኒኩ «ይህኛው ገና ነው» ቢልዎትም እሺ አይበሉ።

ከኋላ ብዙዎቹ አነስተኛ የመስክ መኪኖች፣ የመጀመሪያዋን ራቭፎርና ቪታራን ጨምሮ፣ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚጫነው ከበሮ) ናቸው። ታምቡር አቧራ ያጠራቅማል፤ ሸራው ባለቀ መጠን ክፍተቱን የሚያጠብበው ማስተካከያም በዚያ አቧራ ይደርቃል። በዚህ ምክንያት የኋላው ፍሬን ቀስ በቀስ ሥራ ይፈታና ሸክሙ ሁሉ ወደ ፊት ይዞራል። ታምቡሩ ይፈታ፣ ይጽዳ፣ ማስተካከያው በእጅ ሲዞር መላወሱ ይረጋገጥ። በሸራው ላይ የእርጥበት ምልክት ከታየ በውስጡ ያለችው ትንሿ የፍሬን ፖምፓ ዘይት እያፈሰሰች ነው፤ ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይድንም፤ መቀየር አለበት።

የእጅ ፍሬን ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ከዚሁ ከኋላው ታምቡር የተነሣ ነው። ገመዱን ብቻ ማጥበቅ የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ የሸራው ክፍተት ተስተካክሎ፣ ገመዱ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠበቀው። አለዚያ እጀታው ጥሩ የያዘ መስሎ ሸራው ግን ዘወትር ታምቡሩን እየነካ ይሄዳል። የኋላ ዲስክ ያላቸው አንዳንድ ራቭፎሮች ለእጅ ፍሬን ብቻ የሚያገለግል ትንሽ ሸራ በዲስኩ መካከል ባለው ከበሮ ውስጥ አላቸው፤ ይህ ሸራ ስለማይታይ ለዓመታት ሳይነካ ይቀራል። የተጠቀሰው የአውሮፓ መመሪያ ከእጅ ፍሬን የሚጠይቀው ለመኪናዋ ከተፈቀደው ሙሉ ክብደት 16 በመቶ ያህል ኃይል ነው። ቤት ውስጥ የሚፈተሸው ግን በዳገት ነው፤ ሰው በሌለበት ቁልቁለት ላይ፣ ረዳትዎ ለጎማ መደገፊያ ድንጋይ ይዞ ቆሞ፣ ማርሹን ዜሮ አድርገው በእጅ ፍሬን ብቻ ያቁሟት። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርገውም፣ ወደ ታች አድርገውም ይሞክሩ፤ የታምቡር ሸራ በሁለቱ አቅጣጫዎች እኩል አይይዝምና።

ፔዳሉንም ይፈትሹ። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ አራት አምስት ጊዜ ረግጠው እስኪጠነክር ድረስ ይጠብቁና፣ እግርዎን ሳያነሡ ሞተሩን ያስነሡ፤ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ካላለ ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ ወይም የአየር ቱቦው ችግር አለበት። ከዚያም ለግማሽ ደቂቃ አጥብቀው ይያዙት፤ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ከሆነ፣ በውጭ ፍሳሽ ባይታይም እንኳ፣ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ከውስጥ ያሳልፋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 3 ዘይት የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን ይህ ቁጥር እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ድንገት ባዶ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ስለሆነ፣ በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ማስቀየር ይገባል። የምርመራ ማሽን ይህን አይለካም፤ እኔ ግን ከሚለካቸው ነገሮች አሳንሼ አላየውም።

አራቱንም ጎማ ለሚያሽከረክሩ መኪኖች ብቻ

እዚህ ላይ የመስክ መኪና ከተራ የቤት መኪና ትለያለች፤ ነገሩን የሚያውቀው ባለቤት ጥቂት በመሆኑ በዝርዝር ልጻፈው። ሮለሩ በአንድ ጊዜ የሚያዞረው የአንድ አክስል ጎማዎችን ብቻ ነው። አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ በምታሽከረክር መኪና፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 በተመረተችው ሁለተኛዋ ራቭፎር ላይ፣ የፊቱንና የኋላውን አክስል የሚያገናኘው ክፍል በወፍራም ሲሊኮን ፈሳሽ የተሞላ ነው። የፊት ጎማዎች በሮለር ሲዞሩ የኋላዎቹ ከቆሙ፣ ይህ ፈሳሽ ሁለቱን ለማስተካከል ስለሚታገል የሚነበበው ቁጥር ይዛባል፤ መኪናዋም ከማሽኑ ላይ ልትዘል ትችላለች፤ ከቆየም ክፍሉ ራሱ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ሮለር ላይ ከመውጣትዎ በፊት ለመርማሪው «መኪናዋ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የምትሄድ ናት» ብለው ይንገሩት። የግራውንና የቀኙን ጎማ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያዞር ማሽን፣ ወይም መኪናዋ እየተነዳች የፍሬኗን ጉልበት የሚለካ መሣሪያ፣ ለዚህ ዓይነት የተሠራ ነው።

አሮጌዋ ቪታራ ግን የአራት ጎማው ማርሽ በእጅ የሚገባ ስለሆነ፣ ዘንጉ በሁለት ጎማ ቦታ ላይ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የተሠራችው ግራንድ ቪታራ ሁልጊዜ በአራት ጎማ የምትሄድ ሆና የፊቱንና የኋላውን አክስል አንድ ላይ የሚቆልፍ ማብሪያ አላት፤ ማብሪያው ጠፍቶ መሆን አለበት። በሦስተኛዋ ራቭፎርም ላይ ይኸው መቆለፊያ እንዳይበራ ይጠንቀቁ።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው የጎማ መጠን ነው። አራቱንም ጎማ በምታሽከረክር መኪና ላይ የፊቱና የኋላው ጎማ መጠን ወይም አልቆት የተለያየ ከሆነ፣ አክስሎቹን የሚያገናኘው ክፍል ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይቀር ያለ ዕረፍት ይሠራል። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ወረቀቱን ከጎማው ጎን ከተጻፈው ጋር ያስተያዩት። ከኋላ በር ላይ የተንጠለጠለውን ተቀያሪ ጎማም አይርሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአራቱ የተለየ መጠን ሆኖ ነው።

ጎማ፣ እግርና መሪ

የጎማ ጥርስ ጥልቀት በብዙ አገሮች ከ1.6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ይጠየቃል። መለኪያ ባይኖርዎትም በጥርሶቹ መካከል ባሉት ሰርጦች ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ የጎማው ፊት ከጉብታዎቹ ጋር ከተስተካከለ አልቋል። በውጭ በኩል ብቻ አይመልከቱ፤ መሪውን ሙሉ አዙረው የውስጡን ጠርዝ በእጅዎ ይዳስሱ፤ አላይመንቷ የተዛባ መኪና ጎማውን ከውስጥ ትበላለችና። ከዚያ ዕድሜውን ያንብቡ። በጎማው ጎን ዶት (DOT) ከሚለው ቀጥሎ ከሚገኙት መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኀዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ከዱባይ የመጣች ወይም ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ጎማዋ ጥርስ እያለው ጎኑ ሊሰነጣጠቅ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ጎማ በጥርሱ ቢያልፍ እንኳ በስንጥቁ ይወድቃል።

የፊት እግሩን ለመፈተሽ መኪናዋን በክሪክ አንሥተው በአስተማማኝ መደገፊያ ላይ ያሳርፏት፤ በክሪክ ብቻ ተማምነው ከሥሯ እንዳይገቡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዝውዙት። ከተላወሰ ረዳትዎ ፍሬን ይርገጥና እንደገና ይሞክሩ፤ መላወሱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ግን ቦል ጆይንት ወይም የብራቾው (ጎማውን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ ነው። ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ ይዘው ይወዝውዙ፤ ይህ የመሪውን ታይሮድ ያሳያል። ይህን በመለየት ብቻ መካኒክ «እግሯ በሙሉ ይቀየር» ብሎ ከሚያስወጣዎት ወጪ ይድናሉ። ታይሮድ ከተቀየረ በኋላ ሳይዘገዩ አላይመንት ያሠሩ፤ አለዚያ ጎማው ወደ ጎን የሚንሸራተትበትን መጠን የሚለካው ሰሌዳ ላይ ትወድቃለች።

በጎማው ውስጠኛ ፊትና በቸርኬው ላይ የተረጨ ጥቁር ግሪስ ካዩ የሴምአክሱ (ጎማውን የሚያሽከረክረው ዘንግ) ጎሚኒ ተቀዷል ማለት ነው። ገና ድምፅ ሳያሰማ ከተደረሰበት የሚቀየረው ጎሚኒው ብቻ ነው፤ አቧራ ከገባበት በኋላ ግን መሪ ሙሉ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምርና ሴምአክሱ ራሱ ይሄዳል። ዘይት ያፈሰሰ ሾክ አብዞርበርም እንዲሁ በዓይን ይታያል፤ ሰውነቱ በእርጥብ አቧራ ተሸፍኖ ይገኛል።

መብራት

በመብራት ምክንያት መውደቅ ያሳዝናል፤ ከሁሉም ቀላሉ ነውና። ረዳትዎን ከኋላ አቁመው የፍሬን መብራትን፣ ፍሬቻን፣ የኋላ ማርሽንና የሰሌዳን መብራት አንድ በአንድ ያረጋግጡ። የፊት መብራት ግን አንድ ስውር ችግር አለበት። በኢትዮጵያ የምንነዳው በቀኝ በኩል ስለሆነ የአጭር መብራት ብርሃን ከፍ ማለት ያለበት ወደ ቀኙ የመንገድ ዳር ነው። ከጃፓን ወይም በግራ ከሚነዳበት ሌላ አገር የመጣ ያገለገለ መብራት ግን ብርሃኑን ወደ ግራ፣ ማለትም በፊት ለፊት ወደሚመጣው ሾፌር ዓይን፣ ያነሣል። ልኩ ስለሚገጥምና መልኩ ስለሚመሳሰል ሻጩም ገዢውም አያስተውሉትም፤ ምንም ያህል ቢስተካከልም በማሽኑ አያልፍም። ከመግዛትዎ በፊት በባትሪ አብርተው ከ5 ሜትር ርቀት ላይ ግድግዳ ላይ ይመልከቱት። ለሃሎጅን አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ የተገጠመ ነጭ ኤልኢዲ አምፖልም ብርሃኑን ስለሚበትን ወደ ነበረበት ይመለስ። የደበዘዘ የፊት መብራት ፕላስቲክ ሽፋን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትና በውኃ ተፈግፍጎ ሊጠራ ይችላል። የመብራቱን ከፍታ የሚያስተካክል መዘውር ዳሽቦርዱ ላይ ካለ በዜሮ ላይ ይሁን።

ጭስ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡሬተር ያላት አሮጌ ቪታራ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክላ ከመጣች፣ እዚህ የምትወስደው አየር አንሶ ነዳጁ ስለሚበዛባት የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠኗ ከፍ ይላል። ሚኒሞውንና የነዳጁን ድብልቅ መለኪያ ባለው ጋራዥ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ በጆሮ ብቻ አይሆንም። ኢንጀክሽን ያላት መኪና ይህን በራሷ ታስተካክላለች፤ የኦክስጅን ሴንሰሯ ካረጀ ግን ነዳጅ ማብዛት ትጀምራለች። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ቧንቧ ከተሰነጠቀም ሴንሰሩ ከውጭ የገባውን አየር አይቶ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ማርሚታውንና ቧንቧውን አስቀድመው ያስበይዱ። ፊልትሮና ካንዴላ ይቀየሩ። በምርመራው ቀን መኪናዋ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ተነድታ በሚገባ ሞቃ ትግባ፤ የቀዘቀዘ ካታሊስት ጭሱን አያጸዳም። ናፍጣ የሆነች መኪና ደግሞ በከተማ በዝግታ ስትነዳ የከረመች ከሆነ፣ ዳገት ላይ በከፍተኛ ዙር ጥቂት ብትነዳ ያጠራቀመችውን ጥላሸት ትተፋለች።

ቀበቶ፣ የማስጠንቀቂያ መብራትና ወረቀት

የወንበር ልብስ በከተማችን መኪኖች ሁሉ ውስጥ ይገኛል ማለት ይቻላል፤ የኋላው ቀበቶ ማሰሪያም ከሥሩ ተቀብሮ ይቀራል። አውጥተው ሁሉም መቆለፉን፣ ቀበቶው ድንገት ሲሳብ መያዙን ይፈትሹ።

ቁልፉን ሞተር ሳያስነሡ ሲያዞሩ የኤቢኤስና የኤርባግ ምልክቶች በርተው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለባቸው። ከመጀመሪያውም የማይበሩ ከሆነ ጉድለቱ እንዳይታይ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ያገለገለች መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ሳያይ ገንዘብ አይክፈል።

የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልተመሳከረ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚመለከተው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ በአንዳንዶቹ ሞተር ክፍል ውስጥ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ሻንሲያቸው ለብቻው በሆኑት ደግሞ በፊት ጎማ አቅራቢያ በብረቱ ላይ ተመትቷል፤ በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ይጽዳ እንጂ በሽቦ ብሩሽ ወይም በሞረድ አይነካ፤ የተፋቀ ቁጥር የተሰረዘ መስሎ ያስጠረጥራል። ሞተር ከተቀየረ ወይም ቀለሟ ከተለወጠ ከምርመራው በፊት በሊብሬው ላይ ይመዝገብ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን የሚያበቃበትን ቀንም አብረው ይመልከቱ። እሳት ማጥፊያ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘንና የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን በመኪናዋ ውስጥ ይኑሩ።

የምርመራው ዕለት

መኪናዋ ከሥር ጭምር በላቫጆ ታጥባ ትሂድ፤ ጭቃ ከተሸፈነ አካል መርማሪው ፍሳሽ መኖር አለመኖሩን ሊለይ አይችልም። ማጠቡ ግን በዋዜማው ይሁን፤ የራሰ ታምቡር ሮለር ላይ ደካማ ቁጥር ይሰጣል። የጎማው ነፋስ በምሰሶው ላይ በተጻፈው ልክ ይሞላ፤ የግራና የቀኙ ነፋስ ካልተመጣጠነ ደህናው ፍሬን እንኳ የተዛባ ሊመስል ይችላል። ከባድ ዕቃ ከኋላ ይውረድ።

ብትወድቅ የውጤቱን ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ። «ፍሬን» የሚል ቃል ብቻ ለመካኒክ አይበቃውም፤ የትኛው አክስል፣ የትኛው ጎማ፣ ምን ያህል የሚለውን ቁጥር ይዘው ይሂዱ፤ ጥገናውም በዚያ ላይ ብቻ ይደረግ። ካለፈችም ወረቀቱን ያስቀምጡት። የዘንድሮውን የኋላ ግራ ጎማ ቁጥር ከአምናው ጋር ሲያስተያዩ በጉልህ ወርዶ ካገኙት፣ የሚቀጥለውን ዓመት ምርመራ ሳይጠብቁ ያን ታምቡር ያስፈቱ።